ከሚክሰሩ በፊት አዳራሹ፦ ሙዚቃችሁንና ቤቱን የማስማማት ዝርዝር መመሪያ

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ የአዲስ አበባ ዳር ዳሩ በአዳራሽ ተሞልቷል። ባለ ሴራሚክ የሰርግ አዳራሽ አለ። የኮንዶሚኒየም የጋራ ቤት አለ። በቆርቆሮ የተዋቀረ ሰፊ ቤት አለ። ሰፈር መሀል የሚተከል ድንኳን አለ። ያው ባንድ፣ ያው ዘፋኝ፣ ያው ሞንታርቦ (ትልቁ ስፒከር) ቅዳሜ አንዱ ጋ፣ እሁድ ሌላው ጋ ይሠራል። ቅዳሜ ግጥሙ ጥርት ብሎ ይሰማል። እሁድ ግን ባሱና ድራሙ ተደበላልቆ ዘፋኙ ምን እንዳለ የሰማ የለም። ከዚያ «ሳውንድ ማኑ አበላሸው» ይባላል።

ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው። የቀጥታ ሙዚቃን ድምፅ የሚወስኑ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ሚክሰሩ (የድምፆቹ መቆጣጠሪያ) ከመሰካቱ በፊት ያለቁ ናቸው። አንዱ የሙዚቃው ቴክስቸር ነው። ይኸውም በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ እንደሚሰማና ድምፆቹ እንዴት እንደተደራረቡ ማለት ነው። ሌላው ቤቱ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ቮልዩም መጨመር ጩኸቱን ያበዛል እንጂ ቃሉን አያጠራውም። ቤቱን በአንድ ቀን አንቀይረውም፤ አጨዋወታችንን ግን መቀየር እንችላለን። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሙዚቃውን ለቤቱ አስተካክሉ፣ ቀጥሎ ስፒከሩንና መድረኩን አስቀምጡ፣ ሚክሰሩን መጨረሻ ላይ ንኩ።

1. ሙዚቃውን ፈታታችሁ እዩት

ወረቀት አውጡና የምትጫወቷቸውን ሥራዎች ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ድምፆቹ እንዴት እንደተደራረቡ ጻፉ። ዋና ዋናዎቹ የድርርብ ዓይነቶች አራቱም እኛ ሀገር አሉ።

አንድ ዜማ ብቻውን የሚሄድበት አለ። ማኅሌት የቆሙት ሊቃውንት ቁጥራቸው ቢበዛም የሚያዜሙት አንድ ዜማ ነው። ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ያጅቡታል እንጂ ሌላ ዜማ አይጨምሩበትም።

ሁለተኛው ከአዝማሪ ቤት የምናውቀው ነው። አዝማሪው ይዘፍናል፣ ማሲንቆው ያንኑ ዜማ ይከተላል፤ ግን ድምፅ በድምፅ እሱን አይደግምም። አንዳንዴ ቀድሞ ይገባል፣ አንዳንዴ ወደኋላ ይቀራል፣ ጌጥ ይጨምራል። ክራርና ዋሽንት ሲገቡበት አንድ ዜማ በአንድ ጊዜ በሦስት በአራት ዓይነት አባባል ይሰማል። ውበቱ ያለው በዚያች ጥቃቅን ልዩነት ላይ ነው። ያቺ ልዩነት ደግሞ መጥፎ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የምትጠፋዋ ናት።

ሦስተኛው ዘፋኝ ከፊት ባንድ ከኋላ የሆነበት ነው። ሰርጉም ኮንሰርቱም በብዛት የሚሠራው በዚህ ነው።

አራተኛው እኩል ክብደት ያላቸው ብዙ ድምፆች አብረው የሚሄዱበት ነው። የዶርዜ ሽማግሌዎች ሲያዜሙ ሰምታችሁ ከሆነ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል፤ አንዱ ሲጥል ሌላው እያነሳ፣ ብዙ መስመር በአንድ ላይ ይሄዳል። እምቢልታንም እዚህ አስገቡት። እያንዳንዱ ነፊ የያዘው ጥቂት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚሞላው ሲቀባበሉ ነው።

ከዓይነቱ ቀጥሎ ፍጥነቱን ጻፉ። በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ ጭፈራ ላይ አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ ናት። ምቷ በአራት ስትከፈል አንዷ ክፋይ 125 ሚሊሰከንድ ትሆናለች። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች። በመጨረሻ ወፍራሙን ድምፅ ማን ማን እንደሚጫወት አስፍሩ። የባሱ፣ የድራሙ ትልቁ ከበሮና የኪቦርዱ ግራ እጅ አንድ ቦታ ላይ የሚጋፉ ከሆነ አሁኑኑ ምልክት አድርጉበት።

2. ቤቱን ባዶውን ሂዱና ስሙት

ከዝግጅቱ በፊት በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ሂዱ። ሜትርና ስልክ ያዙ። በር ላይ ያሉትን ጥበቃ «ጋሼ፣ ጄነሬተሩ የት ነው የሚቆመው? መስኮቶቹስ ይከፈታሉ? ዝናብ ሲጥል ጣሪያው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ይልቅ ጥበቃው ያውቀዋል።

ከዚያ አዳራሹ መሀል ቁሙና አንዴ አጨብጭቡ። መዳፋችሁን ጎድጎድ አድርጋችሁ ሳይሆን ዘርግታችሁ፣ ጠንከር አድርጋችሁ። ከዚያ ዝም በሉና ሦስት ነገር አዳምጡ።

አንደኛ፣ ጅራቱ፣ ማለትም ከጭብጨባው በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ድምፅ፣ ምን ያህል ይቆያል? «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያላችሁ በልባችሁ ቁጠሩ። ለሙያው በቂ መለኪያ ነው። ሁለተኛ፣ «ትርርርር» የሚል መንቀጥቀጥ ይሰማል? ይሄ ድምፁ በሁለት ትይዩና ልስልስ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ መሆኑን ይነግራችኋል። ሦስተኛ፣ ጭብጨባው ራሱን ችሎ፣ ለብቻው ተመልሶ ይመጣል? ያ የገደል ማሚቶ ነው፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

የገደል ማሚቶው ስሌት ቀላል ነው። ድምፅ በአዲስ አበባ አየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ ከፍታችን አይደለም። ከመድረኩ 17 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ባዶ ግድግዳ ድምፃችሁን ከ34 ሜትር ጉዞ በኋላ፣ ማለትም ከ100 ሚሊሰከንድ በኋላ ይመልስላችኋል። ቅድም ያዙልኝ ካልኳችሁ 125 ጋር አስተያዩት። የሚመለሰው ምት ከምቷ ቀጣይ ክፋይ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም፤ ግን አይገጥምም። ድራመሩ የሚጫወተው አንድ ነገር፣ መድረክ ላይ የሚሰማው ሌላ ነገር ይሆናል። ቀስ በቀስ ሁሉም ፍጥነት ይቀንሳል፤ ለምን እንደቀነሱ ግን አይገባቸውም።

ሜትሩን ያስያዝኳችሁ ለሌላ ስሌት ነው። ዋላስ ክሌመንት ሳቢን የተባለ የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር በ1895 እ.ኤ.አ. አካባቢ ድምፁ የሚደበላለቅ አንድ የመማሪያ አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ሌሊት ሌሊት የወንበር ትራስ እያስገባና እያስወጣ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ ለካ። ያገኘው ቀመር ዛሬም ይሠራል፦ የቤቱን ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 አባዙ፣ ከዚያ ቤቱ ውስጥ ላለው ድምፅ የመምጠጥ አቅም አካፍሉ። የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በእሱ ስሌት ታግዞ በ1900 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። እስከ ዛሬም ከዓለም ምርጦቹ አንዱ ነው።

በኛ አዳራሽ እንሞክረው። 20 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ስፋት፣ 4 ሜትር ከፍታ። ይዘቱ 960 ሜትር ኩብ ነው። ሴራሚክ ከሚያርፍበት ድምፅ ከመቶ 2 ያህሉን ነው የሚመጥጠው። የተለሰነ ብሎኬት 3 ያህል፣ የጂፕሰም ኮርኒስ 5 ያህል። ስፋቱን በዚህ ድርሻ ስታባዙት፣ ወለሉ 240 ካሬ ስለሆነ 4.8፣ ኮርኒሱ 12፣ ግድግዳዎቹ 256 ካሬ ስለሆኑ 7.7 ይሰጣሉ። ድምሩ 24.5 ነው። ስታካፍሉት ከ6 ሰከንድ ይበልጣል! የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ ምንም አያግዝም።

አሁን 200 ሰው አስገቡ። ልብስ የለበሰ ሰው አንዱ በግምት 0.45 ያህል ይመጥጣል፤ 200ው 90 ይሆናል። ድምሩ 114.5 ደረሰ። ያው አዳራሽ አሁን ጅራቱ 1.3 ሰከንድ ገደማ ሆነ። ከ6 ወደ 1.3! ጠዋት ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተሠራ ሳውንድ ቼክ ማታ ለምን እንደማይሠራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ሰው ሳይገባ ባሱንና ቀጭኑን ድምፅ ቆርጦ ቆርጦ የጨረሰ ሳውንድ ማን፣ ሰው ሲሞላ የሞተ ድምፅ ይዞ ይቀራል።

3. የገባችሁበት ቤት የትኛው ነው?

ባለ ሴራሚክና ባለ መስታወት አዳራሽ፦ ከላይ ያሰላነው ነው። ሰው ሲሞላ መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ ይረጋጋል። ወፍራሙ ድምፅ ግን ልብስም ሰውም ብዙ አይመጠውም፤ ስለዚህ አዳራሹ ሞልቶም ባሱ እንደተንጠለጠለ ይቆያል። የዚህ ቤት ችግር ሁሌም ባሱ ነው።

ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት፦ ተቃራኒው ነው። ቀጭን ቆርቆሮ ለወፍራም ድምፅ ይርገበገባል፣ አሳልፎም ወደ ውጭ ይለቀዋል። ቀጭኑን ድምፅ ግን መልሶ ይወረውራል። ስለዚህ ባሱ ይሳሳል፣ ሲምባሉና ጸናጽሉ ጆሮ ይበሳል። የላላ ሚስማር ካለ ደግሞ በተወሰነ የባስ ድምፅ ላይ ብቻ ጣሪያው ይንጫጫል። ባሲስቱ ከታችኛው ድምፅ ጀምሮ አንድ አንድ እያለ ሲወጣ አዳምጡና የትኛው ላይ እንደሚንጫጫ ለዩት።

ድንኳን፦ ሸራው ወፍራሙን ድምፅ አያግተውም፣ ያልፋል። ጅራት የሚባል የለም ማለት ይቻላል። ዘፋኝ ድንኳን ውስጥ «ድምፄ ደረቀብኝ» የሚለው እውነቱን ነው። ስለዚህ የሌለውን ነገር በጉልበት ለማምጣት ይጮሃል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል። ድንኳኑ በግቢ አጥርና በፎቅ መካከል ከተተከለ ደግሞ ከፎቁ የሚመለሰውን ማሚቶ ጨምሩበት።

ክብ ጎጆ፦ በሱሉልታና በቡራዩ አቅጣጫ የባህል ምግብ ቤቶች በዚህ መልክ ይሠራሉ። የሣር ክዳን ካለው ደስ ይበላችሁ። ሣሩ ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ይመጥጣል፣ ለክራርና ለማሲንቆ የሚመች ለስላሳ ቤት ይሆናል። ግን ክብ ግድግዳ ድምፅን አንድ ቦታ ላይ ይሰበስባል። መሀሉ አካባቢ ቆማችሁ ስታወሩ ድምፃችሁ ድንገት ጎልቶ ጆሯችሁ ላይ ከመጣ፣ ማይክ እዚያ አታቁሙ።

ትንሿ የኮንዶሚኒየም ቤት፦ ስፋቷ 6 ሜትር ከሆነ፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ልክ የሚገጥሙ ወፍራም ድምፆች አሉ፦ 28፣ 57፣ 85 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገቡበት ብዛት) ገደማ። የባስ ጊታር የኤ ክር ያለ ጣት ሲመታ 55 ኸርዝ ነው። እንግዲህ ያቺ ክር በተነካች ቁጥር ግድግዳ ዳርና ልክ መሀል ላይ የተቀመጡት እንግዶች ደረታቸው ይመታል፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀው የተቀመጡት ግን እምብዛም አይሰሟትም። ይሄ የሚክሰር ችግር አይደለም። መፍትሔው ዘፈኑን በአንድ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ባሲስቱ ያቺን ድምፅ በላይኛው ኦክታቭ እንዲጫወታት ማድረግ ነው።

4. አጨዋወቱን ለቤቱ ቁረጡለት

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ልብ ይሄ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ጅራቱ በረዘመ ቁጥር ድርርቡን አቅጥኑ፣ ምቱን አሳጥሩ። ጅራቱ ባጠረ ቁጥር ድርርቡን አወፍሩ፣ ድምፁን አስረዝሙ።

ከሚያስተጋባ አዳራሽ እንጀምር። ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን ያንሳ። ባስ እያለ የሱ ወፍራም ድምፅ ጭቃ ከማብዛት ሌላ ሥራ የለውም። ዘፋኙ ሲገባ ረዥሙ የኪቦርድ ድምፅ ይውጣ፤ አዳራሹ ራሱ ያንን ሥራ ይሠራል። ባሲስቱ ድምፁን በመዳፉ እያፈነ፣ በምቶቹ መካከል ክፍተት እየተወ ይጫወት። የድራሙ ትልቁ ከበሮ ውስጥ ብርድ ልብስ ይግባ። ሲምባል ለመግቢያና ለመዝጊያ ብቻ ይቀመጥ። ሳክስፎኑና ጊታሩ ዘፋኙ ላይ ከመደረብ ይልቅ ዘፋኙ ሲተነፍስ ይግቡ። የሀገራችን ዘፈን ተቀባይና አውጪ ያለው ስለሆነ ይሄን መቀባበል ለምዶታል። በጣም ፈጣን የጭፈራ ዘፈኖች ካሏችሁ ፍጥነታቸውን ትንሽ አብርዱ። ከ120 ወደ 110 መውረድ ብቻውን ለእያንዳንዷ ክፋይ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ቦታ ይሰጣታል። ጨፋሪውም አይቀየምም።

ትዝታና አንቺሆዬ በዝግታ ሲዘፈኑ ግን ይሄ አዳራሽ ይወዳቸዋል። ድምፅ ለሚያንቀጠቅጥ ዘፋኝ ጅራቱ ያጅበዋል። ስለዚህ ዝግታውን መጀመሪያ፣ ሰው ገና እየገባ ባለበት፣ አዳራሹ ባዶ በሆነበት ሰዓት አድርጉት። ፈጣኑን ሰው ሞልቶ ጅራቱ ሲያጥር አምጡት። የዘፈን ቅደም ተከተል ራሱ የድምፅ ማስተካከያ ነው።

ይሄ አዲስ ጥበብ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆቫኒ ጋብሪኤሊ በቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ ባዚሊካ የሚያስተጋባውን ትልቅ ቤት አይቶ፣ መዘምራኑንና ነፊዎቹን ከፋፍሎ በተለያየ ቦታ አቁሞ የሚቀባበሉበትን ሙዚቃ ጻፈ። በማኅሌታችንም ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው ይመራሉ፣ ይቀባበላሉ። ወረቡ ከዝግታ ተነስቶ እየፈጠነ ሲሄድ እንኳ ዜማው አንድ ስለሆነ ቃሉ አይጠፋም። አንድ ዜማ ብዙ ቤት ይችላል። እኩል ክብደት ያላቸው ብዙ ዜማዎች ግን እንዲህ አይችሉም፤ የዶርዜ ዓይነት ዝማሬ ወይም በአራት ድምፅ የተከፈለ መዘምራን ካላችሁ፣ በሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ ሰዎቹን አቀራርባችሁ በግማሽ ክብ አቁሟቸው፤ እርስ በርስ መሰማማት አለባቸው። ቃሉን እየነከሱ ይበሉ፤ በተለይ «ት»ን፣ «ክ»ን፣ «ጥ»ን።

ድንኳን ውስጥ ሁሉንም ገልብጡት። ኪቦርዱ ረዥም ድምፅ ይያዝ። ተቀባዮቹ ይብዙ። ክራርና ማሲንቆ ዜማውን አብረው ይድረቡት፤ እዚህ የጥቃቅን ልዩነቷ ውበት ጥርት ብላ ትሰማለች። እምቢልታም ይሄን ዓይነት ክፍት ቦታ ይወዳል፣ ቅብብሉ አይደበላለቅበትም። ባሲስቱ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይሳበው።

በገና ካለ ቦታ መርጣችሁ ስጡት። 10 ክሮቹ ድልድዩ ላይ ከክሩ ሥር በሚገባ ቁራጭ ቆዳ የተነሳ «ዝዝዝ» እያሉ ይዝማሉ፤ ያ ዝማታ ብዙ ቀጭን ድምፅ የተጠራቀመበት ነው። የሚያስተጋባ ቤት ውስጥ ዝማታው ግጥሙን ይሸፍነዋል። በገና ምንጣፍ ያለበት፣ ሰው ቀረብ ብሎ የሚቀመጥበት ትንሽ ቤት ይፈልጋል።

5. መድረኩንና ስፒከሩን አስቀምጡ

መድረኩ በአጭሩ ግድግዳ በኩል ይሁን፣ አዳራሹን በርዝመቱ እያየ። ሞንታርቦው ከማይኮቹ ቀድሞ፣ በሰው በኩል ይቁም እንጂ ከኋላቸው አይሁን። ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጉትና አፉን ወደ ሰው ዘንበል አድርጉት። ሰው ድምፅ ይመጥጣል፣ ግድግዳ ይመልሳል። በየአዳራሹ ስፒከር ወለል ላይ ተቀምጦ የፊት ወንበሮችን ሲያደነቁርና ኋላ ያለውን ግድግዳ ሲመታ ሳይ በጣም ነው የሚቆጨኝ፤ ሁለት ማቆሚያ ነገሩን ይለውጠዋል።

የባስ ስፒከር ጥግ ላይ ከተቀመጠ ድምፁ ይገናል። በሴራሚኩ አዳራሽ ከጥግ አውጡት። በቆርቆሮው ቤት ወደ ጥግ አስገቡት።

አዳራሹ ረዥም ከሆነ ከፊት ያለውን ከማጮህ መሀል ላይ ሁለት ትንንሽ ስፒከር መጨመር ይሻላል። ክፍት ቦታ ላይ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይወርዳልና ፊት ያለውን ሰው ሳታደነቁሩ ኋላ ያለውን አትደርሱትም። የተጨመሩት ስፒከሮች ግን መዘግየት አለባቸው። ለያንዳንዱ ሜትር 3 ሚሊሰከንድ አስቡ። 20 ሜትር ርቀው ከሆነ 60 ገደማ፣ እላዩ ላይ 10 ያህል ጨምሩ። ያኔ ጆሮ ድምፁ ከመድረኩ የመጣ ይመስለዋል፤ ቀድሞ የደረሰውን ነው የሚያምነው። ይሄን ሔልሙት ሐስ በ1949 እ.ኤ.አ. አሳይቷል።

6. ቤቱን በቀላሉ አልብሱት

ከባድ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ። የኋላውን ግድግዳ ቅድሚያ ስጡት። ብርድ ልብሱን ግድግዳ ላይ አትለጥፉት፤ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ስቀሉት። እንዲህ ሲሆን እስከ 850 ኸርዝ አካባቢ ድረስ ወርዶ ይሠራል፣ ከተለጠፈ ግን ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው የሚነካው። ባስን አይነካም፤ የ100 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር ርዝመት አለው፣ ብርድ ልብስ አያቆመውም። የእንቁላል ካርቶን የምትለጥፉ ወዳጆቼ፣ ተዉት። ከቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ቢቀንስ ነው፤ እሳትም ይወዳል። ትይዩ ግድግዳዎቹ «ትርርር» የሚሉ ከሆነ ከአንደኛው ላይ ብቻ መጋረጃ መስቀል ይበቃል።

7. ሳውንድ ቼክ፦ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ

የተለመደው ከድራም መጀመር ነው። ለኛ ሙዚቃ እኔ ከድምፅ ጀምሩ እላለሁ፤ ሰው የመጣው ግጥም ሊሰማ ነው። ዘፋኙን ብቻውን አዘፍኑት፣ አንድ ሰው አዳራሹን ይዙር፣ ግጥሙን ከኋላ ወንበር መድገም እስኪችል አስተካክሉ። የዘፋኙን ማይክ ከ100 ኸርዝ በታች ቁረጡት። ቃሉ ከታፈነ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ድረስ ትንሽ ቀንሱ። ከዚያ አንድ አንድ መሣሪያ ጨምሩ። አዲስ መሣሪያ ሲገባ ግጥሙ ከጠፋ ዘፋኙን አትጨምሩ፣ የገባውን ቀንሱ ወይም አጨዋወቱን አቅጥኑ።

ሪቨርብና ኤኮ (በማሽን የሚጨመር ማስተጋባት) የምንወድ ሰዎች ነን። አዳራሹ ራሱ ጅራት ካለው ግን ዝጉት። ድንኳን ውስጥ ክፈቱት፣ ሸራው የነፈጋችሁን ይመልስላችኋል።

ማይክ ቀንሱ። ክፍት ማይክ እጥፍ በሆነ ቁጥር ሳያፏጭ የምትደርሱበት ከፍታ በ3 ዴሲቤል ይወርዳል። ለስምንት ተቀባዮች ስምንት ማይክ ከማቆም ሁለት አቁሙና ሰዎቹን አቀራርቡ። ማሲንቆን ከቆዳው ፊት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያዙት፤ ከዚህ ከቀረበ የደጋኑ ጭረት ከዜማው ይበልጣል፣ ከራቀ ድራሙን ይሰማል። ማሲንቆ ተጫዋቹን ጋሼን አክብራችሁ «እንዲህ ዞር ቢሉልን» በሏቸው፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብዙ ኢኳላይዘር ያድናል።

ቅኝቱን ደግሞ ወደ መጀመሪያው ሰዓት ተጠግታችሁ እንደገና ፈትሹ። በእንጦጦ ግርጌም ሆነ በሱሉልታ ማታ ብርዱ ድንገት ይወርዳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ቀዝቃዛ ዋሽንት የግማሽ ድምፅን ሲሶ ያህል ሊወርድ ይችላል። የክራሩ ክር ደግሞ የራሱን መንገድ ይሄዳል። ነፊው ዋሽንቱን በትንፋሹ ያሙቅ፣ ከዚያ ክራሩ ወደ ዋሽንቱ ይቃኝ።

8. ሰው ሲገባ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ሲመሽ

አዳራሹ ሲሞላ እንደገና አዳምጡ። ቀጭኑ ድምፅ ስለሚመጠጥ ከ3,000 ኸርዝ በላይ ትንሽ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ሰው ለጭፈራ ሲነሳ የፊተኞቹ አካል የኋለኞቹን ይጋርዳል፤ ስፒከሩን ከፍ ያደረግነው ለዚህም ነው። እልልታ ሲነሳ አትፎካከሩት። ያልፋል፣ ዘፋኙ ይጠብቀው።

ክረምት ላይ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ካላችሁ ሁለተኛ ዝርዝር ያዙ። ዝናቡ ሲወርድ ስስ ድምፅ ሁሉ ይሸፈናል። ክራርና ዋሽንት ብቻ የሚጫወቱበትን ሥራ አቆዩትና ከበሮና ጭብጨባ ያለበትን፣ በአንድ ምት የሚሄድ የጋራ ጨዋታ አምጡ። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ስሱ ተመለሱ።

የድምፁን መጠን በስልክ መለኪያ ተከታተሉ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚፈቀድ ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሕፃናት ከስፒከሩ ፊት እንዳይጫወቱ አንድ ሰው መድቡ።

ድንኳን ወይም ክፍት ግቢ ከሆነ ሲመሽ ባሱን አውርዱ። ቀን ላይ ፀሐይ ያሞቀው መሬት ድምፁን ወደ ላይ ያጥፈዋል። ሰማዩ ጠርቶ ምድሩ ሲቀዘቅዝ ግን ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ድምፁ ወደ መሬት ይታጠፋል፣ ሜዳውን አቋርጦ ሩቅ ይሄዳል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ባስ ስፒከሩን ቀንሱ፣ የባሱን መስመር ወደ ላይኛው ኦክታቭ አውጡ፣ ከበሮውን ለእጅ ስጡት። ሞንታርቦውንም ከጎረቤት አጥር አዙራችሁ ወደ ድንኳኑ ውስጥ አስጎንብሱት።